ሎሬንዞ ታዕዛዝ፦ ከቅኝ ተገዥነት እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ ሜዳው ይሰፋል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የግዳን ደጋ ቆመው የሚያዩት ይህ የራያ ቆላ በሚያዝያና በግንቦት ደጋሊት ማሽላ የሚዘራበት ምድር ነው። በ1933 ዓ.ም. ግን በእነዚሁ ሁለት ወራት በጎዳናው ላይ ያለፈው ጦር ነበር። ጣሊያን አሥመራን በደሴ በኩል ከአዲስ አበባ ለማገናኘት በሠራው በዚያ መንገድ፣ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን የያዘው የደቡብ አፍሪካ ጦር ወደ ሰሜን ገሠገሠ፤ በግንቦትም የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ። አምስት ዓመት የቆየው አገዛዝ ከራያ ቆላ እንዲህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀቀ።

ጦሩ ካለፈ በኋላ የቀረው ጥያቄ ከጦሩ ይልቅ ውስብስብ ነበር። ግብር የሚሰበስበው ማን ነው? ዳኛ የሚሾመው ማን ነው? ትናንት በጣሊያን ጽሕፈት ቤት የገበያ ቀረጥ ሲመዘግብ የነበረው ጸሐፊ ነገ ከሥራው ይባረራል ወይስ ደመወዙን ከሌላ እጅ ይቀበላል? ከኤርትራ ከጣሊያን ጦር ጋር መጥቶ በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች የቀረው አስካሪ፣ ሹፌርና አስተርጓሚስ የማን አገር ሰው ነው? በአንድ አገር ላይ የሰፈረ ባዕድ ሲወጣ ሰንደቅ ዓላማ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ መዝገብና ደሞዝ ግን በአንድ ቀን አይለወጡም።

ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆነው የተቀበሉት ሰው፣ ራሳቸው የጥያቄው አንድ አካል ነበሩ። ብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታዕዛዝ በቅኝ ግዛት ተወልደው፣ በቅኝ ገዥው ሕግ ተገዥ ተብለው አድገው፣ የነጻዪቱ ኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል።

የተወለዱት በ1892 ዓ.ም. በኤርትራ፣ በአከለ ጉዛይ ነው። አካባቢው በጣሊያን እጅ ከገባ ያኔ ገና አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ስማቸው ራሱ የዘመኑን የሚስዮን ትምህርት ቤት አሻራ የያዘ ነው፤ የቀለም ትምህርት የቀመሱትም በዚያው በኩል ነበር። በዚያ ዘመን በኤርትራ ለተወለደ ልጅ የትምህርት ደጃፍ ጠባብ ነበር። የአገዛዙ ትምህርት ቤቶች የአገሬውን ልጅ ከአንደኛ ደረጃ ዝቅተኛ ክፍሎች አያሳልፉም፤ ያንን የጨረሰው ደግሞ ወይ አስተርጓሚ፣ ወይ ጸሐፊ፣ ወይ አስካሪ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ወንበር የጣሊያን ዜጋ ወንበር ነው። አገሬው በሕግ የሚጠራው ተገዥ ተብሎ ነው፤ ዜጋ የሚለው ቃል ለእርሱ የተቀመጠ አልነበረም።

ወጣቱ ሎሬንዞም በጸሐፊነት ለአገዛዙ ሠሩ። የጽሕፈት ቤትን ሥራ፣ የመዝገብን ጠባይ፣ የቅኝ ገዥውን ቋንቋና አነጋገር የለመዱት እዚያ ነው። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው አገሩ በማን እንደምትመራ ብቻ ሳይሆን በምን ዓይነት ወረቀት እንደምትመራም ያያል። ይህ ልምድ ከሃያ ዓመት በኋላ ጠቅሟቸዋል። ያኔ ግን ከአለቆቻቸው ጋር የሚያኗኗራቸው አልሆነም፤ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኤደን ገቡ።

ኤደን በእንግሊዝ እጅ ያለች የወደብ ከተማ ነበረች። ከኤርትራ የሸሸ፣ ከኢትዮጵያ የወጣ፣ ከሕንድ ለንግድ የመጣ ሁሉ ይገናኝባታል። ሎሬንዞ ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ መኰንን ጋር የተዋወቁት እዚያው ኤደን ሳሉ ነው። አልጋ ወራሹ በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ የሰውየው ትውልድ ከመረብ ወዲያ መሆኑ እንቅፋት አልሆነባቸውም። ወጣቱን ወደ ፈረንሳይ ልከው በሞንፔልዬ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዲማር አደረጉ። በዚያው ጊዜ ከኤርትራ ወጥተው ለኢትዮጵያ መንግሥት ካገለገሉት ሰዎች መካከል እንደ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ያሉ ዲፕሎማቶችም ይገኙበታል። በቅኝ ግዛታቸው ከጸሐፊነት ማለፍ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች፣ ድንበሩን ሲሻገሩ አምባሳደርና ሚኒስትር መሆን ቻሉ።

ሎሬንዞ በፈረንሳይ ሳሉ ኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ አወጣች። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ ከአባትና ከእናት አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፣ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ከውጭ መጥቶ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው አምስት ዓመት በአገሩ መኖርንና አማርኛን መናገርና መጻፍ መቻልን ይጠይቃል። ለአገር ይጠቅማል ተብሎ የታመነበትን ሰው ግን እነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ባይሟሉም መንግሥት እንዲቀበለው በር ይተዋል። ሕጉ አጭር ነው፤ ነገር ግን እንደ ሎሬንዞ ላሉት ሰዎች ትርጉሙ ብዙ ነበር። አንድ ሰው በአንዱ ሕግ የጣሊያን ተገዥ፣ በሌላው ሕግ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሊሆን የሚችልበት ዘመን ነበርና።

በ1925 ዓ.ም. ተምረው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ኦጋዴን የተላኩት የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰን በሚመረምረው የጋራ ኮሚሽን ውስጥ ነው። ኮሚሽኑ ኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል የውኃ ጉድጓድ ዘንድ ሲደርስ በጣሊያን የሚታዘዝ ጦር ሰፍሮ አገኘ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ፤ ሙሶሊኒም የጦርነት ምክንያት አደረገው። የውኃ ጉድጓድ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለከብት አርቢ የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው። በወልወል ግን የአንዲት አገር የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ሆነ። ሎሬንዞ የተወለዱበትን ምድር የያዘው መንግሥት አሁን የተቀበለቻቸውን አገር ሊይዝ ሲመጣ በዓይናቸው አዩ።

ጦርነቱ ራያን የነካው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ ነው። የተሸነፈው ጦር በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ በኩል ወደ ደቡብ ሲመለስ ከሰማይ የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ፣ ከምድር ደግሞ የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች ጥይት ወረደበት። ጣሊያን ለታጣቂዎቹ መሣሪያና ገንዘብ ሰጥቶ ነበር። ይህን ታሪክ ያለ መነሻው መናገር ግን ፍርደ ገምድል ያደርጋል። ከዚያ ስድስትና ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1921 እና በ1922 ዓ.ም.፣ በራያና በአዘቦ የተነሣው አመፅ በጦር ኃይል ተደምስሶ ነበርና ቁስሉ አልደረቀም። ባዕዱ የገባው በዚያ ቁስል በኩል ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ሲወጡ ሎሬንዞም ከስደተኞቹ አንዱ ሆኑ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት የተደረገውን የአቤቱታ ንግግር ካዘጋጁት መካከል ስማቸው ይነሣል። ከዚያ በኋላ በማኅበሩ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ቆዩ። የዚያን ጊዜ ሥራ ከዲፕሎማትነት ይልቅ የጠበቃነት ነበር። ምድሯ በሙሉ ተይዟል የተባለች አገር አሁንም የማኅበሩ አባል ናት? መልእክተኛዋ የያዘው የሹመት ደብዳቤ ይጸናል? በየዓመቱ ይህን ማስረዳት ነበረባቸው። ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም. የማኅበሩ ምክር ቤት አባል አገሮች የጣሊያንን ይዞታ እንደየፈቃዳቸው ሊቀበሉ ይችላሉ ወይ በሚለው ሲነጋገር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። ንግግሩን እንዲያነቡ ያደረጓቸው ሎሬንዞን ነው።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ የቆመው ሰው ሁኔታ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ይዛለች የሚለው ነገር ሕጋዊ ከሆነ ሎሬንዞ ታዕዛዝ እንደገና የጣሊያን ተገዥ ናቸው፤ ያውም የከዳ ተገዥ። ካልሆነ ኢትዮጵያዊ መልእክተኛ ናቸው። በአውሮፓ፣ በኢየሩሳሌም፣ በጅቡቲና በኬንያ ተበትነው የነበሩት ስደተኞችም እንዲሁ ነበሩ። በኬንያ በኢሲዮሎና በታቬታ መጠለያ ካምፖች ውስጥ ከጣሊያን ጦር ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን የመጡ ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ፤ እንግሊዞች ከኢትዮጵያውያኑ ለይተው የሚያዩዋቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ጉድጓድ የተዋጉ ሰዎች በወረቀት ላይ የሁለት አገር ሰዎች ነበሩ።

ሎሬንዞ በጄኔቫ ወንበር ላይ ብቻ ተቀምጠው አልቀሩም። ከሱዳን ተነሥተው ድንበሩን በምሥጢር ተሻግረው ጎጃም ገቡ፤ ከአርበኞች መሪዎች ጋር ተገናኝተው፣ የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት አድርሰው፣ የአርበኞቹን ሁኔታ በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ይህ ጉዞ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በውጭ ያለው ስደተኛ በውስጥ ያለውን አርበኛ በጥርጣሬ፣ አርበኛውም ስደተኛውን በንቀት የሚያይበት ጊዜ ነበር። ከስደት ወገን ከነበሩት ባለሥልጣናት ውስጥ ጫካ ድረስ ሄደው አርበኛውን ያነጋገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ሎሬንዞ ከእነዚያ አንዱ ሆነዋል።

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር በአውሮፕላን ወደ ሱዳን ሲጓዙ አብረዋቸው ከተጓዙት ጥቂት ሰዎች ውስጥ ሎሬንዞና ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ነጻ ኢትዮጵያ እንደገና ብትታይ ደስ እንደሚለውና የንጉሠ ነገሥቱን የዙፋን መብት እንደሚቀበል በምክር ቤቱ አስታወቀ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ድሉ እንዲህ ደምቆ ሳለ የርክክቡ ጣጣ ጀመረ። እንግሊዞች ከጣሊያን የተያዘውን ምድር ሁሉ የሚያስተዳድሩበት አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነበር፤ ስሙም የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር ይባላል። ዋና ኃላፊው ሰር ፊሊፕ ሚቸል ናይሮቢ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ያሉት ምክትላቸው ደግሞ ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ። በእነርሱ አተረጓጎም ኤርትራም፣ ሶማሊያም፣ ኢትዮጵያም ከጣሊያን የተወሰደ ምድር ናቸው፤ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ የሚገዛው የጦሩ አስተዳደር ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን አገራቸው የጠላት ግዛት ሆና አታውቅም፤ ጠላት የነበረባት አገራቸው ናት። የሁለቱ አባባል ልዩነት የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። የማን ሹመት ይጸናል፣ የማን ማኅተም ይሠራል የሚለው ሁሉ ግን በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በገቡ በስድስተኛው ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰባት ሚኒስትሮች ሾሙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ለሎሬንዞ ታዕዛዝ ተሰጠ። ብርጋዴር ለሽ የሰላም ውል ሳይፈረም እንዲህ ያለ ሹመት ሊጸና እንደማይችል ተናገሩ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ እንግሊዞች ሚኒስትሮቹን የጦር አስተዳደሩ አማካሪዎች አድርገው ማየትን መረጡ። በአንዱ ወገን መዝገብ ሚኒስትር፣ በሌላው መዝገብ አማካሪ የሆነ ሰው እንዴት ይሠራል? ሎሬንዞ ለዚህ እንግዳ አልነበሩም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በሁለት መዝገብ ሁለት ዓይነት ሰው ሆነው ነው የኖሩት።

ቀጥሎ የመጣው የሥራ ሰው ችግር ነው። የጣሊያን አገዛዝ የተማሩ ኢትዮጵያውያንን በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በብዛት ፈጅቷል። የተረፉት በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ ከስደት የተመለሱ፣ ከጫካ የወጡ፣ ለጣሊያን ሲሠሩ የቆዩ። ስደተኛው ቋንቋና ሕግ ያውቃል፤ ሕዝቡ ግን በመከራ ቀን የት ነበርክ ይለዋል። አርበኛው ደም አፍስሷል፤ ሹመትም ይገባኛል ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የመዝገብ ሥራ አያውቅም። ለጣሊያን የሠራው ባንዳ ተብሎ ይሰደባል፤ ነገር ግን ስልኩን፣ የጽሕፈት መኪናውን፣ የጉምሩኩን ቀረጥ፣ የመንገዱን ጥገና የሚያውቀው እርሱ ነው። መንግሥቱ ሦስቱንም መጠቀም ነበረበት፤ ተጠቀመም። አርበኞች ይህን እንደ ግፍ ቆጠሩት፤ ቅሬታቸውም ለብዙ ዓመታት አልጠፋም። ፍትሕ ጎድሎበታል ማለታቸው እውነት አለው። መሥሪያ ቤቶቹ ያለ እነዚያ ጸሐፊዎች ሊከፈቱ አለመቻላቸውም እንዲሁ እውነት ነው።

በዚህ ላይ የኤርትራ ተወላጆች ጉዳይ ተደረበ። በጣሊያን ዘመን በአስካሪነት፣ በአስተርጓሚነትና በሹፌርነት መጥተው በቆቦ፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ መስመር ቤት ሠርተው ትዳር የመሠረቱ ነበሩ። ኤርትራ ራሷ አሁን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ናት፤ የወደፊት ዕጣዋም አልታወቀም። እነዚህ ሰዎች የጠላት ተገዥ ናቸው ወይስ ወንድም? የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የአከለ ጉዛይ ልጅ መሆናቸው ብቻውን መልስ ይሰጥ ነበር። ኢትዮጵያ ከመረብ ወዲያ የተወለደን ሰው ባዕድ እንደማትለው፣ በዓለም ፊት ስሟን የሚጠራላትን ወንበር ለእንዲህ ያለው ሰው በመስጠቷ አሳይታለች።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ እንግሊዝ ኢትዮጵያ ነጻ መንግሥት መሆኗን ተቀበለች፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ የበጀት ድጋፍ ለመስጠትም ቃል ገባች። በምላሹ ግን ብዙ ነገር ያዘች። አማካሪዎች፣ ዳኞችና የፖሊስ ኃላፊዎች ከእንግሊዝ ይመጣሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌላ አገር አማካሪ ሲሾሙ ከእንግሊዝ ጋር ይመካከራሉ፤ የእንግሊዙ ባለ ሙሉ ሥልጣን ከሌሎች አገሮች ዲፕሎማቶች ሁሉ ይቀድማል፤ የምድር ባቡሩ፣ ኦጋዴንና በጅቡቲ ወሰን ያለው ምድር በእንግሊዝ ጦር እጅ ይቆያሉ። ነጻነት ተመለሰ፤ ደሞዝ ከፋዩ ግን ገና ሌላ ነበር። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ይህ መራራ ኪኒን ነው፤ መዋጡ ግን የግድ ሆነ። ስምምነቱን በተሻለ ውል ለመተካት እስከ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. መጠበቅ አስፈልጓል።

በዚያው በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ነሐሴ 21 ቀንም የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ ወጣበት። ደንቡ ጠቅላይ ገዥውን፣ የአውራጃ ገዥውንና የወረዳ ገዥውን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደሞዝ የሚቀበል ሠራተኛ አደረገው። ገዥ የራሱን ጦር ማቆም፣ ከገበሬው ለራሱ መሰብሰብ ቀረ ተባለ። ለሕዝብ ይህ ከአዲስ አበባ ሹመቶች ሁሉ የበለጠ ቁም ነገር ነበረው። ለቆላው ገበሬ መንግሥት ማለት ደጁ ላይ የሚቆመው ግብር ሰብሳቢ ነውና፣ ያ ሰው ከማሽላው ቁና የሚቆነጥር ባለ ጉልት መሆኑ ቀርቶ ደሞዝተኛ ሆነ ማለት የአገዛዝ ለውጥ ነው።

ወረቀቱ ያለው ሁሉ ግን በአንድ ክረምት ቆላው ድረስ አልወረደም። አዲሱ ደሞዝተኛ በብዙ ቦታ የድሮውን ልማድ ይዞ መጣ፤ ደሞዙ ሲዘገይ ወደ ገበሬው ጎተራ ዞረ። የቀድሞ ቂም፣ የጦር መሣሪያ ብዛት፣ የግብር ቅሬታና ሹመት የቀረባቸው ሰዎች ቁጭት አንድ ላይ ሆነው በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ በራያ፣ በአዘቦና በደቡብ ትግራይ የቀዳማይ ወያነ አመፅ ተቀጣጠለ። መንግሥት አመፁን ለመስበር በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ቦምብ እስኪጥሉ ድረስ ተቸገረ። በስምምነት የተመለሰ ሉዓላዊነት በሌላ አገር አውሮፕላን ሲጠበቅ የርክክቡ ጎደሎ በግልጽ ታየ። ቅጣቱም የወደቀው በአብዛኛው በዚያው በቆላው ሕዝብ ላይ ነው።

ሎሬንዞ ግን በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት ሚያዝያ 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ግንኙነት መሠረቱ፤ በሞስኮ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆነው የተላኩት እርሳቸው ናቸው። ሹመቱን ከመሐል አገር እንደ መራቅ ያዩት ይኖራሉ። በሌላ ዓይን ሲታይ ግን ምክንያት አለው። የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ዕጣ የሚወሰነው ጦርነቱን ባሸነፉት በአራቱ ኃያላን ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሶቪየት ኅብረትም አንዷ ናት። በእንግሊዝ ላይ ብቻ ተንጠልጥላ ላለች አገር ሌላ ወዳጅ መፈለግ አስፈላጊ ነበር። ኤርትራን በሚመለከት ሊናገር የሚችል ሰውም እዚያ የተወለደ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

የድካማቸውን ፍሬ አላዩም። በሕመም ምክንያት ወደ ስዊድን ሄደው ሰኔ 16 ቀን 1938 ዓ.ም. በስቶክሆልም አረፉ። ጣሊያን በቅኝ ግዛቶቿ ላይ ያላትን መብት እንድትተው የሚያደርገው የፓሪስ የሰላም ጉባኤ ሊከፈት የቀረው አንድ ወር ያህል ብቻ ነበር። በጉባኤው የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው የተናገሩት ከአክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር የነበሩት መልእክተኞች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የኤርትራ ጉዳይ አራት ዓመት ተንከራተተ። በመጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር እንድትሆን ወሰነ። በውሳኔው ውስጥ ስለ ዜግነት የተጻፈው አንቀጽ የሎሬንዞን የሕይወት ታሪክ ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። በፌዴሬሽኑ ውስጥ አንድ ዜግነት ብቻ ይኖራል። የውጭ ዜግነት ከያዘው በቀር የኤርትራ ነዋሪ ሁሉ የፌዴሬሽኑ ዜጋ ነው። በኤርትራ ተወልዶ ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ ቢያንስ አንዱ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ሰው የውጭ ዜግነት ይዞ ቢገኝም ዜጋ ነው፤ የውጩን ዜግነት መያዝ ከፈለገ ግን የኤርትራ ሕገ መንግሥት ከጸናበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ የፌዴሬሽኑን ዜግነት ሊተው ይችላል። ውሳኔው ከመተላለፉ በፊት 10 ዓመት በኤርትራ የኖረ የውጭ ዜጋም ተጨማሪ የመኖሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ ባያገኝም በሰላም ሠርቶ መኖር አይከለከልም። በአሥመራ ሱቅና እርሻ ይዘው ለቀሩት ጣሊያኖች ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የኑሮ ዋስትና ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛውም ነገር በዚሁ ሰነድ ተከፋፈለ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭና የክፍላተ ግዛት ንግድ፣ ወደቦችና መገናኛ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ሆኑ፤ ቀሪው የኤርትራ መንግሥት ሥራ ሆነ። የወደብና የጉምሩክ ጸሐፊ አሠሪ ከእንግሊዝ ወደ ፌዴራል መንግሥት፣ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ሠራተኛ አሠሪ ከእንግሊዝ ወደ ኤርትራ መንግሥት ተሻገረ። የኤርትራ መንግሥት የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተድላ ባይሩ ሆኑ። ወጣቱ ሎሬንዞ በነበረበት ዘመን ከጸሐፊነት የማያልፈው የአገሬው ሰው አሁን በአሥመራ የላይኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እንግሊዞች ሥልጣናቸውን መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. አስረከቡ። ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 24 ቀን ከትግራይ ተነሥተው መረብን ተሻገሩ። ሎሬንዞ ታዕዛዝ ካረፉ ያኔ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗቸው ነበር።